መጀመሪያ ጥቁሩ ገመድ

ቀኝ እጄ ላይ፣ ከአንጓዬ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ የሁለት ጣት ስፋት ያለው ጠባሳ አለ። ቆዳው ፈዘዝ ብሎ ይለሰልሳል፤ ፀጉር አይበቅልበትም። ሰው ልብ አይለውም። እኔ ግን መሪ በጨበጥኩ ቁጥር ዓይኔ እዚያው ላይ ያርፋል።

የሆነው ከሁለት ዓመት በፊት ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሰሚት በምንኖርበት ኮንዶሚኒየም መኪና ማቆሚያ ውስጥ። የመኪናዬን ሞተር ላጥብ ብዬ ወረድኩ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ እጄን በእርጥብ ፎጣ ጠቅልዬ ወደ ላይ ወጣሁ። ለባለቤቴ «ትንሽ ብልጭ ብሎብኝ ነው» ብዬ አለፍኩት። ለሥራ ባልደረቦቼ ምጣድ ነው ያቃጠለኝ አልኳቸው። እውነቱን ልናገር ስል ምላሴ እምቢ ይለኝ ነበር፤ ምክንያቱም እውነቱን ስናገር ልጄ የት ቆማ እንደነበር መናገር ሊኖርብኝ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ፣ ፊት ለፊታችን ያለው ብሎክ የሚኖር ወጣት ጎረቤታችን ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩ ላይ ጎንበስ ብሏል። በአንድ እጁ ብሩሽ፣ በሌላው ግማሽ ሃይላንድ ቤንዚን ይዟል። ሽታው ከሩቅ ደረሰኝ። መኪናዬን በወጉ እንኳ ሳላቆም ወርጄ «ወንድሜ፣ ተው! ተው!» እያልኩ ሮጥኩ። ልጁ ደንግጦ ዞረ። ከዚያ የግንቡ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለን ብዙ አወራን፤ ክንዴን ገልጬ አሳየሁት። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «እህቴ፣ ይሄን እኮ ለሰው ማንም አይነግረውም» አለኝ።

ልክ ነው። እኔም አልነገርኩም ነበር። ስለዚህ ዛሬ ልናገር።

እንዴት ቤንዚን እጄ ገባ

መኪናዬ የ2003 ሞዴል ቪትዝ ናት። ስገዛት ብዙ እጅ የዞረች ነበረች፤ አሁንም አላሳፈረችኝም። በ2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ ያለችኝን ጠብቄ መያዝ እንዳለብኝ ገብቶኛል። ችግሯ አንድ ነበር። ኮፈኗን ስትከፍቱ የሚታየው ሞተር አይደለም፤ ዘይት ከሰሚት አቧራ ጋር ተቦክቶ የሠራው ጥቁር ሊጥ ነው። የቴስታታው (የሞተሩ አናት) ክዳን፣ ባትሪ የሚሞላው ዲናሞ ዙሪያ፣ የባትሪው ማስቀመጫ፣ ሁሉም አንድ መልክ ነበራቸው። የዓመታዊ ምርመራ ቀኗ ደርሶ ነበርና በዚያ መልኳ ለቦሎ መውሰዱ ከበደኝ።

ላቫጆ መውሰድ ፈርቻለሁ። የሥራ ባልደረባዬ ኮሮላዋን ሞተሩን አሳጥባ፣ ግፊት ያለው ውሃ ነዳጁን የሚያቀጣጥለው ካንዴላ መቀመጫ ውስጥ ገብቶ፣ መኪናዋ ከአራቱ ሲሊንደር በሦስቱ ብቻ እየሠራች እያንዘፈዘፋት ነበር ቤቷ የደረሰችው። ስለዚህ «ራሴ ቀስ ብዬ አጥባታለሁ» አልኩ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ አሁንም እንደዚያው አስባለሁ።

ቤንዚኑ የመጣው ከልማድ ነው። ጋራዥ በሄድኩ ቁጥር መካኒኮች ዕቃ በቤንዚን ሲያጥቡ፣ ሲጨርሱም እጃቸውን በዚያው ሲለቀለቁ አይቻለሁ። ናፍጣ በኮምፕሬሰር ሞተር ላይ ሲረጭም አይቻለሁ። ብዙ ጊዜ ያየነው ነገር አደገኛ አይመስለንም። ነዳጅ ጠፍቶ ሰልፍ በበዛበት ሰሞን ያስቀመጥኩት ግማሽ ሊትር ያህል ቤንዚን በረንዳ ላይ በሃይላንድ ነበረኝ። ቤት ውስጥ፣ ልጅ ባለበት፣ በውሃ ላስቲክ ቤንዚን ማስቀመጤ ራሱ አንድ ጥፋት ነበር። እሱን ያስተዋልኩት ግን በኋላ ነው።

ያቺ ቅጽበት

ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከአትክልት ገበያ ከተመለስኩ ግማሽ ሰዓት አልሞላኝም፤ ሞተሩ ገና ሞቅ ያለ ነበር። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ ሙቀቱ ዘይቱን ያላላልኛል ብዬ። ሃይላንዱን ግማሽ ላይ ቆርጬ ቤንዚኑን ቀዳሁበት፤ ከባትሪው አጠገብ ባለው ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አስቀመጥኩት። ያኔ ስድስት ዓመት የነበራት ልጄ በግራዬ ቆማ አሮጌ ካናቴራ ቆራርጬ የሞላሁትን ዘንቢል ይዛለች። አንድ ጨርቅ ስጨርስ አንድ ታቀብለኛለች።

ሥራው ያስደስት ነበር። ብሩሹን ሳሳርፈው ጥቁሩ ሊጥ ይቀልጥና ይወርዳል፤ ከሥሩ አሉሚኒየሙ እንደ ብር ብቅ ይላል። «እማዬ፣ ነጭ ነው እንዴ?» አለች ልጄ። ነጭ ነው አልኳት። እጅጌዬ እስከ ክርኔ ድረስ ረጥቧል። አየሩ ሁሉ ቤንዚን ነው፤ እኔ ግን ሽታውን ከለመድኩት ቆይቻለሁ።

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ። ወንድሜ ከዓመታት በፊት «መኪና ላይ ሥራ ስትሠሪ መጀመሪያ ባትሪ ንቀዪ» ብሎኝ ነበር። ባትሪውን አልነቀልኩም። በማስታወሴ ራሴን አመሰገንኩ። የዚያን ጊዜ ደግሞ ዘንቢሉ ውስጥ ያለው ጨርቅ አለቀ። «ሂጂ፣ ከላይ ከመታጠቢያ ቤቱ ሌላ ጨርቅ አምጪልኝ» አልኳት። ሮጣ ሄደች።

የ10 ቁጥር ቁልፍ አነሳሁ። ለእጄ የቀረበው ቀዩ ገመድ ነበር፤ ፖዘቲቩ። ቁልፉን ብሎኑ ላይ አግብቼ አዞርኩ። ላላ ማለት ጀመረ። እንደገና ሳዞር የቁልፉ ሌላኛው ጫፍ ከመኪናዋ ቦዲ ጋር ተነካካ።

ጧ! አለ። ነጭ ብልጭታ። ከዚያ ሌላ ድምፅ መጣ። ሲሊንደር ከፍታችሁ ክብሪቱ ሲዘገይባችሁ ምድጃው በአንድ ጊዜ «ፉፍ» የሚለውን ታውቁታላችሁ አይደል? እሱ ነው፤ የዚያ አሥር እጥፍ። ነበልባሉ መጀመሪያ ሰማያዊ ነበር፤ ሞተሩን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ለበሰው። ሃይላንዱ እንደ ሰም ተሸበሸበና ውስጡ የቀረው ሁለት ጣት ቤንዚን እየነደደ ወደ ታች ፈሰሰ። ወደ ኋላ ስዘል እጅጌዬ እንደተያያዘ አየሁ። በግራ እጄ እየመታሁ፣ ከጭኔ ጋር እያሸሁ አጠፋሁት። መጮሄን አላስታውስም፤ ጮኸሻል ብለውኛል።

አንድ ሰው ጀሪካን ውሃ ይዞ ሲመጣ የግቢያችን ዘበኛ «ውሃ አይሆንም! ነዳጅ ነው! ተመለስ!» ብለው ገፉት። ምድር ቤት ያሉ ጎረቤቶቻችን ሴራሚክ ሊያስነጥፉ ያስደፉት አሸዋ በሩ አጠገብ ተቆልሎ ነበር። ዘበኛው አባባ አካፋ አንስተው ሮጡ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት አካፋ። እሳቱ አሸዋው ሥር እየተንተከተከ ሞተ። ውሃ ቢደፋበት ኖሮ ቤንዚኑ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ እየነደደ ወደ ጎረቤት መኪና ይሄድ ነበር። የእሳት ማጥፊያዬ የት ነበር? ከኋላ ሻንጣው ውስጥ፣ ከትርፍ ጎማው ጎን፣ ላስቲኩ ሳይፈታ።

ሁሉም ነገር ከጅምሩ እስከ መጨረሻው አንድ ደቂቃ የፈጀ አይመስለኝም። ልጄ ጨርቅ ታቅፋ ደረጃውን ስትወርድ እኔ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ ብዬ ነበር። «እማዬ፣ አመጣሁት» አለች።

ይሄ ነው እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ። ሁለት ጨርቅ ተርፎ ቢሆን ኖሮ በግራዬ ቆማ ነበር። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወደ ላይ አይወጣም፣ እንደ ውሃ ወደ ታች እየወረደ መሬት መሬቱን ይሄዳል። እኔ በክንዴ ያገኘሁት እሷን በፊቷ ቁመት ላይ ይጠብቃት ነበር። ያዳናት የእኔ ብልሃት አይደለም፤ የጨርቅ ማለቅ ነው። ሌሊት ስነቃ የምቆጥረው እነዚያን ጨርቆች ነው።

«የትኛውን ነው መጀመሪያ የፈታሽው?»

የተቃጠሉትን ገመዶች ለመሥራት የመጡት አዛውንት የመኪና ኤሌክትሪሻን ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። አሸዋውን በብሩሽ እያራገፉ ረጅም ጊዜ ምንም አልተናገሩም። ከዚያ ቀና ሳይሉ «የኔ ልጅ፣ የትኛውን ገመድ ነው መጀመሪያ የፈታሽው?» አሉኝ።

«ቀዩን።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። አልተቆጡኝም። ቁልፉን አንስተው አሳዩኝ። የመኪናው ብረት በሙሉ፣ ኮፈኑም ሞተሩም፣ ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር የተያያዘ ነው። ቀዩን ስትፈቱ ቁልፋችሁ ቦዲውን ከነካ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ በቁልፉ በኩል ተገናኙ ማለት ነው። 12 ቮልት ሰውን አይዝም፤ ስለዚህ እንንቀዋለን። ነገር ግን እንደዚያ ሲገናኝ ባትሪው በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ሊያወጣ ይችላል፤ ቁልፍ እስከማጋል ይደርሳል። ጥቁሩን መጀመሪያ ብትፈቱ ግን ቁልፉ ቦዲውን ቢነካም የሚነካው የራሱን ወገን ነው፤ ምንም አይሆንም። ጥቁሩ አንዴ ከተነሳ ደግሞ ቀዩም መንገድ የለውም። ሲፈታ ጥቁሩ መጀመሪያ፣ ሲታሰር ጥቁሩ መጨረሻ።

«ባትሪ መንቀል ማሰብሽ ልክ ነው» አሉኝ። «ግን ቤንዚን ከረጨሽ በኋላ ባትሪ አይነካም። በቃ፣ ሰዓቱ አልፏል። እንደዚያ ከሆነ ሁሉን ትተሽ ትርቂያለሽ፤ ነፋስ እስኪወስደው።»

ይህን ንግግራቸውን ብዙ ጊዜ አመላልሼዋለሁ። ያቃጠለኝ ግዴለሽነት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር፤ «ሁለተኛ ግዴለሽ አልሆንም» ብዬ እዘጋው ነበር። እሳቱን የጫረው ግን ጥንቃቄዬ ነው። ትክክለኛ ነገር አስታወስኩ፣ ትክክለኛውን ቁልፍ አነሳሁ፣ በተሳሳተ ሰዓትና በተሳሳተ ጎን ሠራሁት። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚለውን እናቴ ለተጸጸተ ሰው ስትናገረው ነው የማውቀው። አሁን ስሰማው ስለ ጸጸት አይመስለኝም፤ ስለ ተራ ነው። መመጠኑም መደቆሱም መጣዱም እያንዳንዱ ቦታ አለው።

ስለ ቤንዚኑም አስረዱኝ። ቤንዚን እሳት የሚይዝ ትነት ለማውጣት ሙቀት አይጠይቅም፤ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ ይተናል። ነጭ ጋዝ 38 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል፤ ናፍጣ ከ50 በላይ። «ታዲያ ናፍጣ ይሻላል?» አልኳቸው። አዲስ አበባ አየር ላይ፣ ጣሳ ውስጥ ተቀምጦ ከሆነ አዎ። ሲሠራ የቆየ ሞተር ግን ወደ 90 ዲግሪ ይደርሳል፤ የጭስ ማውጫው ቱቦማ በመቶዎች ነው የሚቆጠረው። በዚያ ላይ በኮምፕሬሰር ሲረጭ ጉም ይሆናል፤ ጉም የሆነ ነዳጅ ደግሞ ሙቀቱ ባይሞላም ይያያዛል። ሌላው ጣጣ፣ እነዚህ ሁሉ ጎማ ይበላሉ። ሞተሩ የሚያዞረው ቺንጋ ይላላል፣ የውሃ ቱቦዎቹ ያብጣሉ። ዛሬ ያማረ ሞተር ከወራት በኋላ መንገድ ላይ ያቆማችኋል። ጋራዥ ውስጥ የምናየው ልማድ ላልተቃጠሉት ሰዎች ብቻ ነው ልማድ የሆነው።

በሁለት ጀሪካን ውሃ

ለወራት ኮፈኑን ከመክፈት ራቅኩ። ዘይት እንኳ ሰው ነበር የሚለካልኝ። ያ ፍርሃት ግን አልጠቀመኝም፤ ሊጡ እንደገና ተቦካ። በመጨረሻ ጋሼን ደውዬ ጠየቅኳቸው፤ አንድ እሑድ ጠዋት መጥተው ወንበር ላይ ተቀምጠው እኔን አሠሩኝ። እሳቸው እጃቸውን አላስገቡም። ያንን ቀን እንደሆነው ልንገራችሁ።

መኪናዋ ሌሊቱን የቆመች ነበረች። ሞተሩ ላይ መዳፌን አሳርፌ ምንም ሙቀት አልተሰማኝም። ቁልፉን ከመኪናዋ አውጥቼ ኪሴ ከተትኩ፤ የእሳት ማጥፊያውን ላስቲኩን ቀድጄ ሦስት እርምጃ ራቅ አድርጌ መሬት ላይ አቆምኩት። ከዚያ ጥቁሩን ገመድ ፈታሁ፤ ጫፉን በደረቅ ጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ጎን በገመድ አሰርኩት፣ ተመልሶ ባትሪውን እንዳይነካ። ፈሳሽ የሚባል ነገር ገና አልተከፈተም። «አሁን ቡና ብትጠጪም ይቻላል» አሉኝ ጋሼ፤ ከዚህ በኋላ የሚያስቸኩል ነገር የለም ማለታቸው ነው።

ቀጥሎ ፌስታል። ዲናሞው አንድ፣ የፊውዝ ሳጥኑ አንድ፣ አየር የሚገባበት አፍ አንድ፣ ባትሪው አንድ፣ ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚሰጡት ኮይሎች ላይ በአግድም አንድ ሰፋ ያለ። አምስት። በጎማ ማሰሪያ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩ። የዘይት መሙያውንና የዲፕስቲኩን ክዳን ነካ ነካ አድርጌ መዘጋታቸውን አረጋገጥኩ። መዳፌ ላይ በእስክሪብቶ 5 ብዬ ጻፍኩ። የተረሳ ፌስታል ቺንጋ ውስጥ ሊገባ፣ ጭስ ማውጫው ላይም ሊቀልጥና ሊቃጠል ይችላልና ስንት እንዳሰሩ ማወቅ የሥራው ግማሽ ነው።

ከዚያ በኋላ የጠበቅኩት ውሃ ነበር፤ ጋሼ ግን «ገና» አሉኝ። መጀመሪያ ደረቁን። ከመኪናዋ ሥር ካርቶን ዘርግቼ ሰጋቱራ በተንኩበት። ከእንጨት በተሳለ ስንጥር ሊጡን ፋቅሁት፤ ከብረት የተሠራ ነገር አሉሚኒየሙን ይጭረዋል። እንዴት ያለ መውረድ ወረደ! አንዳንዱ የአውራ ጣት ውፍረት ነበረው፤ ስሰብረው ውስጡ አሸዋ፣ የዛፍ ቅጠል፣ የሆነ ነፍሳት ክንፍ ነበር። የአሥር ዓመት መንገድ ይመስል ነበር። በግምት ከቆሻሻው ከግማሽ የሚበልጠው ያለ አንዳች ጠብታ በዚህ ሄደ። ይህን ደረጃ የሚዘልሉ ሰዎች ናቸው ኃይለኛ ኬሚካልና ኃይለኛ ውሃ የሚያስፈልጋቸው።

ለቀረው የመኪና ዕቃ ከሚሸጥበት ከሶማሌ ተራ የገዛሁት፣ በውሃ የሚበጠበጥ የሞተር ማጠቢያ ነበረኝ። ነዳጅነት የለውም፤ ገዝታችሁ ከሆነ ጀርባው ላይ ያለውን አንብቡ፣ በቀላሉ ይቀጣጠላል የሚል ምልክት ካለው አትውሰዱት። ለቀላል ቅባት ላርጎ በሞቀ ውሃም ይበቃል። ኮስቲክ ሶዳ ግን በፍጹም፤ አሉሚኒየም ይበላል። በረኪናም ለብረት ጠላት ነው፣ ዘይትም አያነሳም። ጓንትና መነጽር አደረግኩ፤ ማጠቢያውን ከታች ወደ ላይ ነፋሁት። ብሩሼ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ነው። ሳይደርቅ፣ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ማጠብ ያስፈልጋል።

ማጠቢያው ውሃ እንግዲህ ሁለት ጀሪካን ነበር። ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ያን ቀን ተራችን አልነበረም። ጋሼ «እንኳንም አልነበረ» አሉ። የሃይላንድ ክዳን በመርፌ በሳስቼ፣ ውሃ ሞልቼ፣ ጨመቅ እያደረግኩ እንደ አትክልት ከላይ ወደ ታች አጠጣሁት። የሚያስፈልገው ይሄው ነው። ሞተር የተሠራው ዝናብና የመንገድ ውሃ እንዲችል ነው፤ ግፊት ያለው ውሃ ግን በላስቲኩ ማሸጊያና በገመድ መገጣጠሚያው በኩል ውስጥ ይገባል፣ ከገባ በኋላም የሚወጣበት የለውም። ሁለተኛው ጀሪካን ግማሹ ተረፈ።

ከዚያ በጨርቅ ማድረቅ፣ ኮፈኑን ከፍቶ ለፀሐይ መተው። ከሁለት ሰዓት በላይ አቆየናት። ፌስታሎቹን አወጣሁ፣ አምስት። ጥቁሩን ገመድ መጨረሻ ላይ አሰርኩ። ቁልፉን ሳዞር እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ተነሳች። ባትሪ ተነቅሎ ስለነበር መጀመሪያ ላይ ትንሽ ከፍ ዝቅ አለች፤ ወዲያው ተስተካከለች።

ቆሻሻውስ? ዘይት የጠጣውን ሰጋቱራና ካርቶን በማዳበሪያ ከረጢት አስሬ ጋሼ ያገለገለ ዘይት ወደሚሰበስብ ጋራዥ ወሰዱት። ቀድሞ ቢሆን በጀሪካን እየለቀለቅኩ ወደ ቦዩ እሰደው ነበር። የእኛ ከተማ ቦይ የት እንደሚሄድ እናውቃለን፤ ወደ ወንዞቻችን፣ ከዚያ ወደ አቃቂ፣ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ወደ አዋሽ። በአቃቂ ዳር በዚያ ውሃ የሚለማ ጎመንና ሰላጣ ተመልሶ ገበያችን ይመጣል። ከሞተሬ የወረደውን ለልጄ ሳህን ላይ ማቅረብ አልፈልግም።

ሶፍት ላይ የቀረው ቡናማ መስመር

ለምን ነው ሞተር የምናጥበው? አብዛኞቻችን ለሌላ ሰው ዓይን ነው። ለመርማሪ፣ ለገዢ። ደላላ «ሞተሯን እይልኝ፣ እንደ አዲስ!» ብሎ ኮፈን ሲከፍት ዛሬ የሚያብረቀርቅ ሞተር ካየሁ ልቤ ይጠረጥራል። ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋ ስንጥር። ትናንት የታጠበ ሞተር የሚፈሰውን ደብቆ ይዟል፤ አንድ ሳምንት ነድታችሁ ካላያችሁት ምንም አልነገራችሁም።

ለራሱ ለባለቤቱ ግን የታጠበ ሞተር ሌላ ነገር ነው። ጋሼ ሊሄዱ ሲሉ «ከዛሬ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት በነጭ ሶፍት ጥረጊያት» አሉኝ። ሥራ ከመሄዴ በፊት ሶፍቱን በቴስታታው ክዳን ጠርዝ ዙሪያ አዞረው ጀመር። አንደኛው ቀን ንጹሕ። ሁለተኛው ንጹሕ። በአምስተኛው ቀን በኋለኛው ጥግ፣ የጥፍር ርዝመት ያለው ቡናማ መስመር ሶፍቱ ላይ ቀረ። በሰባተኛው ረዘመ። የክዳኑ ጋስኬት፣ ዘይት እንዳይወጣ የሚያሽገው፣ ደርቆ ነበር። ያ ሁሉ ሊጥ፣ ያ ሁሉ ዓመት፣ ከዚያች ጥግ ነበር የሚመነጨው። ሶማሌ ተራ ሄጄ ጋስኬቱን ገዛሁ፤ መለወጡ ግማሽ ቀን አልፈጀም። እኔ ከሁለት ዓመት በፊት በቤንዚን ስታገለው የነበረው ቆሻሻ ቆሻሻ አልነበረም፤ መኪናዋ «እዚህ ጋ እየፈሰሰብኝ ነው» እያለችኝ ነበር።

ይህን ሁሉ ለጎረቤቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት ነገርኩት፤ እሑድ ዕለት የእሱን መኪና አብረን ልናጥብ ተቃጠርን። ቤንዚኑን እንዲመልሰው እንጂ እንዳይደፋው ለምኜው ነበር፤ ወደ መኪናው ታንከር መለሰው።

ልጄ አሁን ስምንት ዓመቷ ነው። አጠገባችን እንድትቆም አልፈቀድኩም፤ እሷም አላኮረፈችም፤ ደረጃው ላይ፣ አሥር እርምጃ ያህል ርቃ ተቀመጠች። ሥራ ስጪኝ ስትለኝ ፌስታል ቆጣሪ አደረግኳት። ስናስር ጮክ ብላ ቆጠረች። ፋቅን፣ ነፋን፣ አጠጣን፣ አደረቅን። ልጁ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ በጣቱ እያሽከረከረ ነበር፤ ሊያስነሳት ቸኩሏል።

«አራት ነው ያወጣችሁት!» አለች ከደረጃው። «ያሰራችሁት አምስት ነው።»

ተያየን። ጎንበስ ብዬ ፈለግኩ። ዲናሞው ሥር፣ ቺንጋው አጠገብ፣ ረጥቦ የተጣበቀ ጥቁር ፌስታል ነበር። ስቤ አወጣሁትና ወደ እሷ ከፍ አድርጌ አሳየኋት። ጥቁሩ ገመድ ገና በጨርቁ እንደተጠቀለለ ነበር።